የመስከረም ሰማይና መንገደኛ

መስከረም የመንገድ ወር ነው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃና የወንዝ ሙላት አግቶት የቆየ ሰው በመስከረም ዱላውን ያነሳል። ከማክሰኝትና ከዙሪያዋ ቀበሌዎችም ብዙ ሰው ወደ ጎንደር ይሄዳል። አንዱ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ይሄዳል። ሌላው ሐኪም ቤት ይሄዳል። ሌላው የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለበት። ሌላው ደግሞ መስቀልን ከዘመዶቹ ጋር ለማክበር ይነሳል።

ከማክሰኝት ጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠዳና በአዘዞ በኩል በመኪና ሲሄዱት ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ብዙው ሰው መኪና ከመሳፈሩ በፊት ከቀዬው እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሩ ይጓዛል። ዋልካውን ይረግጣል፤ ወንዝ ይሻገራል። በመስከረም መንገደኛን የሚያስቸግረው ይህ የእግር መንገድ ነው።

መስከረም ሁለት ፊት አለው። ጠዋት ሰማዩ እንደ ታጠበ ሸማ ይጠራል፤ ሜዳው በአደይ አበባ ያጌጣል። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ያው ሰማይ ይጠቁራል፤ ያጓራል። እንግዲህ በመስከረም የሚጓዝ ሰው ሁለቱንም ፊት ማወቅ አለበት። አዛውንቶች ይህንን በዕድሜያቸው አይተው ያውቁታል። እዚህ የምናነበው ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ይጠነቀቃል።

1. ክረምቱ መቼ ይወጣል?

ብዙ ሰው «ዕንቁጣጣሽ ከመጣ ክረምቱ አለቀ» ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ሲሆን የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ይባላል። ስለዚህ ዓመቱ ሲለወጥ ክረምቱ ገና 25 ቀን ይቀረዋል ማለት ነው። የመስቀል በዓል የሚከበረው መስከረም 17 ቀን ነው። እሱም ቢሆን የሚውለው በክረምቱ ውስጥ ነው።

የዝናብ መለኪያም የሚነግረን ይህንኑ ነው። ዝናብ የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ስፋት ባለው መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት 1 ሊትር ውሃ ወረደበት ማለት ነው። በጎንደር ከተማ በሐምሌ ወር የሚወርደው ዝናብ ወደ 300 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የነሐሴም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በዚያች አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነች መሬት ላይ፣ በአንድ ወር ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ያህል ውሃ ፈሰሰባት እንደ ማለት ነው። በመስከረም ዝናቡ ከዚህ ከግማሽ በታች ይሆናል። ቢሆንም ጥቂት አይባልም። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? በመስከረም ዝናቡ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ጠባዩም ይለወጣል። የሐምሌ ዝናብ ሳያባራ ይውላል፤ ያድራል። የመስከረም ዝናብ ግን ድንገት መጥቶ ይወርድና ያባራል። አመጣጡ ድንገተኛ ስለሆነም ያልተዘጋጀውን መንገደኛ መንገድ ላይ ያገኘዋል።

2. ዝናቡ ከየት ይመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?

ምድር ፀሐይን በዓመት አንድ ጊዜ ትዞራለች። ስትዞር ግን ዘመም ብላ ነው። ከዚህ የተነሳ ፀሐይ በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሰሜን፣ በሌላው አጋማሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለች መስላ ትታያለች። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል በዚያ በኩል ያለው ምድር በኃይል ይሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። እሱ የለቀቀውን ቦታ ለመሙላት ከደቡብና ከምዕራብ ደቡብ ነፋስ ይነፍሳል።

ይህ ነፋስ ደረቅ አይደለም። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ደንና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። አገራችን ሲደርስ ተራራ ይገጥመዋል፤ ተራራውን ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ውሃውን መሸከም ስለማይችል እርጥበቱ ደመና ይሆንና ይዘንባል። ክፍቱ የፈላ ድስት ላይ ክዳን ብንይዝበት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የክረምት ዝናብም አሠራሩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

መስከረም 12 ወይም 13 ቀን ፀሐይ በትክክል ከምድር ወገብ በላይ ትውላለች። በዚያን ቀን ሌሊቱና ቀኑ በዓለም ሁሉ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ዝናቡም ተከትሏት ወደ ደቡብ ይወርዳል። በእኛ ሰማይ ላይ ግን ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ይተካል። ከእኛ የሄደው ዝናብ ግን አገሩን ጨርሶ አይለቅም። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቦረናና ሶማሌ የሚጠብቁት ሁለተኛው ዝናባቸው ይጀምራል። የእኛ ማሳ ሲያሸትና ሲደርቅ የእነሱ ከብት ውሃ ያገኛል።

ፈረንጆችም በዚህ ወር ወቅት ይለወጥባቸዋል። ነገር ግን የእነሱ ከእኛ የተገለበጠ ነው። እኛ ከብርዳማ ክረምት ወደ ፀሐይ እንወጣለን። እነሱ ከሞቃት ወራት ወደ ብርድ ይገባሉ። በለንደን ከተማ ከመስከረም ጀምሮ ቀኑ ቶሎ ቶሎ ያጥራል፤ የዛፉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ይጀምራል። በለንደን በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ቀን 16 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አጭሩ ቀን ደግሞ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በጎንደር ግን ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ለዚህ ነው እኛ ወቅትን በቀኑ ርዝመት ሳይሆን በዝናቡ የምንለየው። በመስከረም ለንደን የሚሄድ ሰው ሹራብ ይዞ ይሄዳል። ከለንደን የፋሲልን ግንብ ሊያይ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው ደግሞ የዝናብ ልብሱን ባይረሳ ይሻለዋል።

3. ሰማዩ በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት ይለዋወጣል?

የመስከረምን አንድ ቀን እንመልከት። ሌሊቱን ምድሩ ቀዝቅዟል። ጠዋት ጤዛ አለ፤ በረባዳ ቦታም ጭጋግ ይታያል። ፀሐይ ስትወጣ ጭጋጉ ይገፈፋል፤ ሰማዩም ይጠራል። ምድሩ ግን እርጥብ ነው። ፀሐይዋ እርጥቡን ምድር ስታሞቀው ውሃው ተንኖ ከሞቀው አየር ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ረፋዱ ላይ እንደ ባዘቶ ጥጥ ያለ ነጭ ደመና እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ይላል። እኩለ ቀን ሲያልፍ ደመናው ወደ ላይ ያድጋል፤ እንደ ተራራ ይቆለላል፤ ሥሩም ይጠቁራል። ከ8 ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ፣ አንዳንድ ጊዜም በረዶ ይመጣል።

በየቀኑ እንደዚህ ይሆናል ማለት አይደለም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የመስከረም ጠዋት የመንገደኛ፣ የመስከረም ከሰዓት በኋላ የዝናብ ነው። በጣና ዳርቻ ግን ነገሩ ይለያል። ቀን ቀን ምድሩ ከሐይቁ ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል። ሌሊት ምድሩ ከሐይቁ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት በሐይቁ ላይ ነጎድጓድና ዝናብ በሌሊትም ይበረታል። በታንኳ የሚሄድ ሰው ይህንን ማሰብ አለበት።

4. ደራሽ ውሃ

በመስከረም መንገደኛን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ደራሽ ውሃ ነው። ደራሽ አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? ዝናቡ ሳይታይ ውሃው ስለሚመጣ ነው። ወደ ጣና የሚወርዱት ወንዞች የሚነሱት ከደጋ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ይነሳሉ። መገጭ ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ ወርዶ በአዘዞ በኩል ያልፍና ጣና ይገባል። እኛ ቆላው ላይ ሆነን ፀሐይ ሊኖር ይችላል። ደጋው ላይ ግን ዶፍ እየወረደ ነው። መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ስለጠገበ አዲሱን ዝናብ አይቀበልም። ውሃው ሁሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደራሹ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይመጣል።

ወንዙ ሊሞላ ሲል ምልክት ያሳያል። ንጹሕ የነበረው ውሃ ይደፈርሳል። ቅጠል፣ ጭራሮና አረፋ ይዞ ይመጣል። ከላይ በኩል የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል። ከእነዚህ አንዱን ያየ ወይም የሰማ ሰው ውሃው ውስጥ ካለ ቶሎ ይውጣ። ያልገባም አይግባ። ከጉልበት በላይ የሆነ ፈጣን ውሃ ጠንካራውን ጎልማሳ ይጥላል። ልጅ ያዘለች እናትማ እንዴት ትቋቋመዋለች!

«ቀጠሮ አለብኝ» ብሎ ሙሉ ወንዝ ውስጥ የሚገባ ሰው አለ። ዋና እችላለሁ ብሎ የሚገባም አለ። ዋና የሚችለውንም ቢሆን የሚመታው ውሃው የተሸከመው ግንድና ድንጋይ ነው። ደራሽ ደግሞ እንደ አመጣጡ ቶሎ ይጎድላል። ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዓት የታገሠ ሰው ያንኑ ወንዝ በሰላም ይሻገረዋል። ቀጠሮ ቢያልፍ ምክንያቱን አስረድቶ ሌላ ማግኘት ይቻላል። ነፍስ ግን ሌላ ቀጠሮ የላትም።

በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ሜዳዎችም ሊታሰቡ ይገባል። የጣና ውሃ በዓመቱ ውስጥ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው። ዝናቡ ቀንሶ ሳለ ሐይቁ ይሞላል፤ ምክንያቱም ወንዞቹ የክረምቱን ውሃ እያመጡ ያፈስሱበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ሜዳዎች ከባድ ጎርፍ ወጥቶ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ወደ ወረታና ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ሳይነሳ በፊት ከዚያ የመጣ መንገደኛ ይጠይቅ። በሬዲዮ የሚነገረውንም የአየር ትንበያ ያድምጥ።

5. መብረቅ

ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ ነጎድጓድ ይበዛል። መብረቅ ማለት በደመናና በምድር መካከል የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ወደ ምድር ሲወርድ ከፍ ብሎ የቆመውን ነገር ይመርጣል። ስለዚህ በሜዳ መካከል ብቻውን የቆመ ዋርካ መጠለያ ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ከሜዳው ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው። ዝናቡን ሽሽት ከዛፍ ሥር የቆመ ሰውም ከብትም መብረቁ አብሮ ይመታዋል።

የመብረቁን ርቀት መገመት ይቻላል። ብልጭታውን ከማየት ጀምራችሁ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ድረስ ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ 3 ስትቆጥሩ ከተሰማ መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የራቀው። 6 ስትቆጥሩ ከተሰማ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም ቅርብ ናቸው። ነጎድጓድ ከተሰማ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ይሻላል። ቤት ከሌለ ከተራራ ጫፍና ከብቸኛ ዛፍ መራቅ፣ ከሽቦ አጥርና ከውሃ መራቅ፣ ዶማም ሆነ ማረሻ ትከሻ ላይ አለመያዝ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አብሮ ካለ ተራርቆ ይቀመጥ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት መቆየት ጥሩ ነው።

6. ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ

ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ሌሊት የምድሩ ሙቀት እንዳይሄድ ሸፍኖ ይይዛል። በሐምሌ ሰማዩ ደመና ስለሆነ ቀኑም ሌሊቱም ብዙ አይለያይም። በመስከረም መጨረሻ ደመናው ሲገፈፍ ግን ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ይበርዳል። በዚህ ወር የጎንደር ቀን እስከ 24 ወይም 25 ዲግሪ ሲደርስ ሌሊቱ ግን ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል።

ከፍታም ሌላ ምክንያት ነው። 1,000 ሜትር ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ማክሰኝት ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከጎንደር አልፎ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ግን ወደ 2,800 ሜትር ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ማክሰኝት ላይ ያየውን ፀሐይ ተማምኖ ጋቢውን ትቶ የሄደ ሰው ማታ ደባርቅ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ልብስ መያዝ ከባድ አይደለም። ገሳ ወይም ላስቲክ ለዝናቡ፣ ጋቢ ለሌሊቱ ይበቃል። እርጥብ ልብስ ግን ባዶ ገላ ከመሆን ብዙም አይሻልም፤ ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ። የሐኪም ቤት ካርድ፣ የፍርድ ቤት ወረቀትና የልጁ የትምህርት ማስረጃ ደግሞ ከጋቢውም በፊት በላስቲክ ይጠቅለሉ። ወረቀቱ ከራሰ የተሄደበት ጉዳይ ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል።

7. ከጉዞ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት

ወባ የሚበዛው ዝናቡ ሲቀንስ ነው። ለምን ቢሉ፣ በሐምሌ ዶፉ የትንኝን እንቁላልና እጭ ጠርጎ ይወስዳል። በመስከረም ግን ውሃው በየጉድጓዱና በየኮቴው ቦታ ተኝቶ ይቀራል፤ ፀሐይም ያሞቀዋል። ትንኟ እንቁላሏን ከጣለች ከ10 ቀን ገደማ በኋላ አዲስ ትንኝ ይበርራል። ስለዚህ በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ወረርሽኙ የመታው ቆላውን ብቻ አልነበረም። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን አገሮችም አዳርሷል። የማክሰኝት ከፍታ በዚሁ ውስጥ ነው።

ወባ መንገደኛን የሚያታልለው ቶሎ ስለማይታይ ነው። በሽታው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ትንኟ ከነከሰች ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ሰው ለመስቀል ሐይቁ ዳር ካለ ዘመዱ ቤት አድሮ ይመለሳል እንበል። ጥቅምት ሲገባ ትኩሳት ይይዘዋል። «የመንገድ ድካም ነው፤ ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ይተኛል። ይህ ነው ሰውን የሚገድለው። በመስከረም ተጉዞ የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። የት እንዳደረም ለሐኪሙ ይንገር። ሕፃንና ነፍሰ ጡር ከሁሉ ይቀድማሉ። ትንኟ የምትናከሰው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ በሄዱበት ሁሉ አጎበር ውስጥ መተኛት ይጠቅማል።

በመንገድ የሚጠጣ ውሃም ሊታሰብበት ይገባል። ጎርፍ የሜዳውን ቆሻሻ ሁሉ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይከታል። ስለዚህ የፈላ ውሃ ከቤት ይዞ መውጣት ይሻላል። ከበሶውና ከቆሎው ጋር አብሮ ይያዝ።

8. በአጭሩ

በመስከረም ለሚጓዝ ሰው የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል።

ሀ. መንገድ በጠዋት ይጀመር። ከ8 ሰዓት በፊት ወንዙን ማለፍ ይሻላል።
ለ. የደፈረሰና የሚያጓራ ወንዝ አይገባበትም፤ እስኪጎድል ይጠበቃል።
ሐ. ነጎድጓድ ሲሰማ ከብቸኛ ዛፍ ይራቃል።
መ. ጋቢና ወረቀት በላስቲክ ይጠቀለላል።
ሠ. ከጉዞ በኋላ ትኩሳት ከመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመረመራል።

መስከረም ጥሩ ወር ነው። ዘመድ ከዘመድ ይገናኛል፤ ልጅ ትምህርት ይጀምራል፤ ማሳውም ተስፋ ይሰጣል። ሰማዩን እያየ የሚሄድ መንገደኛ ጉዳዩን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ተወያዩባቸው

1. ክረምት በአገራችን አቆጣጠር የሚወጣው መቼ ነው? መፀውስ የሚጀምረው መቼ ነው?
2. ፀሐይ እያለ ወንዝ የሚሞላው ለምንድን ነው? በቀበሌያችሁ ደራሽ የሚያስቸግረው የትኛው መሻገሪያ ነው? ድልድይ እስኪሠራ ምን ማድረግ ይቻላል?
3. ብልጭታውን አይታችሁ 9 ስትቆጥሩ ነጎድጓድ ብትሰሙ መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?
4. ወባ ዝናቡ ሲቀንስ የሚበዛው ለምንድን ነው?
5. ባለፈው መስከረም ስላደረጋችሁት አንድ ጉዞ አምስት መስመር ጻፉ።